ጭነቱን ያቀለለው መንገደኛ
የሩሲያዊው መኰንን የአሌክሳንደር ቡላቶቪች ሕይወት

ከነቀምት ተነሥቶ ወደ ሰሜን፥ ወደ ጊዳ አያና የሚጓዝ ሰው ደጋውን ለቆ ቁልቁል ይወርድና የአንገርን ቆላ ተሻግሮ እንደገና ሽቅብ ይወጣል። አንገር ወደ ዴዴሳ፥ ዴዴሳም ወደ አባይ የሚገቡ ወንዞች መሆናቸውን ተማሪ ሁሉ ከካርታ ላይ ያውቀዋል። ካርታው የማይነግረን ነገር ግን፥ መኪና ባልነበረበት ዘመን ይህን ቆላ በእግርና በበቅሎ ማቋረጥ ምን ያህል ድካም እንደ ነበረው ነው። መንገደኛ ስንቁን፥ ድንኳኑን፥ መኝታውንና መሣሪያውን ሁሉ ከራሱ ጋር ይዞ መሄድ ነበረበት። የያዘው ከበዛ ከብቱ ይደክምበታል፤ ካነሰ ደግሞ ራሱ ይራባል። ስለዚህ በዚያ ዘመን ጉዞ ማለት ከሁሉ በፊት የጭነት ሒሳብ ነበር።

ይህን ሒሳብ ጠንቅቀው ከሚያውቁት የውጭ አገር ሰዎች አንዱ በ1889 ዓ.ም. በወለጋ የተዘዋወረው የሩሲያ ፈረሰኛ መኰንን አሌክሳንደር ቡላቶቪች ነው። ስሙ በኢትዮጵያ ታሪክ መጻሕፍት ውስጥ በየጊዜው ይነሣል፤ ሕይወቱ ግን ከስሙ ይልቅ የሚያስደንቅ ስለሆነ ለወጣት አንባቢዎቻችን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ባጭሩ ልናቀርበው ወደድን።

ልጅነቱና ትምህርቱ

ቡላቶቪች በ1863 ዓ.ም. ኦርዮል በምትባለው የሩሲያ ከተማ ተወለደ። አባቱ ጄኔራል ነበሩ፤ ነገር ግን ልጃቸው ገና ሕፃን ሳለ ስለሞቱ፥ ያደገው በካርኮቭ አውራጃ ሉትሲኮቭካ በተባለው በቤተሰቡ ርስት ላይ በእናቱ እጅ ነው። ከዚያም ወደ ዋናው ከተማ ወደ ፔተርስቡርግ ተወስዶ፥ የመሳፍንትና የመኳንንት ልጆች በሚማሩበት በአሌክሳንድሮቭስኪ ሊሴ ትምህርቱን በ1883 ዓ.ም. ፈጸመ። እንዲህ ያለውን ትምህርት ቤት የጨረሰ ወጣት እንደ ልማዱ በሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ወንበር ይጠብቀዋል። ቡላቶቪች ግን ወንበሩን ትቶ በንጉሠ ነገሥቱ የክብር ዘበኛ ፈረሰኛ ክፍለ ጦር ውስጥ ተራ ወታደር ሆኖ ገባ፤ በሚቀጥለውም ዓመት የመኰንንነት ማዕረግ አገኘ። በፈረስ ግልቢያና በሰይፍ ጨዋታ ከጓደኞቹ የሚስተካከለው ጥቂት ነበር።

የየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የዐድዋ ድል በዓለም ሲሰማ፥ ሩሲያ ቁስለኞችን የሚረዳ የቀይ መስቀል ጓድ ወደ ኢትዮጵያ ለመላክ ወሰነች። ጄኔራል ሽቬዶቭ የጓዱ አለቃ ሆኑ፤ የሃያ አምስት ዓመቱ ቡላቶቪችም ለመሄድ ጠየቀና ተፈቀደለት። ከመነሣቱ በፊት አማርኛ መማር ጀመረ። ይህን ነገር አንባቢ ልብ እንዲልልን እንፈልጋለን፤ ምክንያቱም ቋንቋ በበቅሎ የማይጫን፥ ሌባም የማይሰርቀው ስንቅ ነው። በኋላ እንደምናየው፥ ለቡላቶቪች ሌላው ስንቅ ሁሉ ያለቀበት ቀን ደርሷል።

ዘጠና ሰዓት በግመል

ጓዱ በምፅዋ በኩል እንዳይገባ ኢጣልያኖች ስለ ከለከሉት መንገዱን በጅቡቲ አደረገ። ያን ጊዜ የጅቡቲ የምድር ባቡር ሐዲድ ገና አልተዘረጋም። ጓዱ መድኃኒቱንና ዕቃውን ጭኖ ለመነሣት ብዙ ግመል ያስፈልገው ነበር፤ ስለዚህ ወደ ሐረር ቀድሞ ሄዶ ነገሩን የሚያመቻች ፈጣን መልእክተኛ አስፈለገ። ለዚህም ቡላቶቪች ተመረጠ።

ከጅቡቲ እስከ ሐረር ያለው የበረሃ መንገድ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ቡላቶቪች በግመል ተቀምጦ በዘጠና ሰዓት፥ ማለት በሦስት ቀን ከአሥራ ስምንት ሰዓት ደረሰ። በዚህ መንገድ ሲመላለሱ የኖሩት የአገሩ ፈጣን መልእክተኞች እንኳ ከዚህ የበለጠ ጊዜ ይወስድባቸው ነበር። ነገሩ እጅግ ስለ ተደነቀ ከጉዞ ጓደኞቹ አንዱ ስለዚህ ግልቢያ ብቻ አንድ መጽሐፍ አሳተመ።

ምሥጢሩ የግመሉ ፍጥነት አይደለም፤ ግመል ሁሉ ግመል ነው። ምሥጢሩ ቡላቶቪች ጓዝ የሚባል ነገር አለመያዙ ላይ ነው። ድንኳን የያዘ ሰው ድንኳን ይተክላል፤ ድስት የያዘም እሳት ያነዳል። ዕቃው ሁሉ ማሰሪያና መፍቻ ጊዜ ይፈልጋል፤ ጊዜውም ከመንገዱ ላይ ይቀነሳል። ቡላቶቪች ለጥቂት ቀን የሚበቃ ምግብና ውሃ ብቻ ይዞ ስለ ሄደ የቀረው ሰዓት ሁሉ ለመንገዱ ተረፈው።

በበረሃ የተዘረፈው ጓዝ

ይሁን እንጂ ቀላል ጉዞ አደጋ የለበትም ማለት አይደለም። ቡላቶቪች ከሐረር ወደ ሸዋ ከጥቂት አሽከሮች ጋር ሲገሰግስ በበረሃው ላይ ወንበዴዎች ከበቡትና በቅሎዎቹንና ጓዙን በሙሉ ዘረፉት። ቡላቶቪችና አሽከሮቹ ባዶ እጃቸውን በበረሃ ቀሩ። ደግነቱ፥ ሊዮንትየቭ የሚባል ሩሲያዊ ከእንጦጦ ወደ ሐረር ሲወርድ አገኛቸውና ስንቅ ሰጥቷቸው ጉዟቸውን ቀጠሉ።

በዚህ ቀን ለቡላቶቪች የቀሩለት ሁለት ነገሮች ነበሩ፤ ያጠናው ቋንቋና ጥለውት ያልሸሹት አሽከሮቹ። ወጣት ባለሥልጣን ወደ ሩቅ ወረዳ ሲሾም ሻንጣውን በልብስ ብዛት ከመሙላቱ በፊት ይህን ታሪክ ቢያስበው እንወዳለን።

ወደ ወለጋ

የቀይ መስቀሉ ጓድ በአዲስ አበባ ሆስፒታል ከፍቶ ቁስለኞችን ሲያክም ቆይቶ በ1889 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ አገሩ ሲመለስ ቡላቶቪች ለመቅረት ፈቃድ ጠየቀ። ዐፄ ምኒልክም ወደ ምዕራብ እንዲጓዝ ፈቀዱለት። በመጀመሪያው ጉዞው ሦስት ወር ያህል ተጉዞ እስከ ባሮ ወንዝ ደረሰና ተመለሰ። ጥቂት ካረፈ በኋላም ሁለተኛ ጊዜ ወደ ለቃ ወረደ።

በነቀምት የነበሩት ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፥ በኦሮሞ ስማቸው ኩምሳ ሞረዳ ነበሩ። እሳቸውም እንግዳውን በክብር ተቀበሉት። ቡላቶቪች ከአገሩ አዳኞች ጋር ሆኖ ዝሆን ለማደን ወደ ዴዴሳና ወደ አንገር ቆላ ወረደ። ዛሬ ከጊዳ አያና ደጋ ላይ ቆሞ ወደ ደቡብ የሚመለከት ሰው ያንኑ ቆላ ነው የሚያየው። ያን ጊዜ በረጅሙ ሣር ውስጥ የዝሆን መንጋ ይሰማራበት ነበር።

ወደ ፔተርስቡርግ ሲመለስ ያየውን ሁሉ ከእንጦጦ እስከ ባሮ ወንዝ በሚል መጽሐፍ ጽፎ በዚያው በ1889 ዓ.ም. አሳተመው። በመጽሐፉ ውስጥ የአገሩን መልክዐ ምድር፥ የኦሮሞን ሕዝብ ልማድና አስተዳደር፥ የኢትዮጵያን ሠራዊት አኳኋን በዝርዝር ይተርካል። ፈረሰኛ በመሆኑ የኢትዮጵያ ወታደር ምን ያህል በቀላሉ ተነሥቶ ምን ያህል በፍጥነት እንደሚጓዝ ማየቱ አልቀረም።

የጭነት ጥበብ

ቡላቶቪችን በወለጋ ደጋና ቆላ ያደረሱት የአገሩ በቅሎዎችና የአገሩ ጫኞች ናቸው። የአጋሰስ ጭነት ጥበብ ብዙ ዘመን የፈተነው ነው፤ ትምህርት ቤት የማያስተምረው ስለሆነ ዋና ዋናውን ደንብ እንጻፈው።

አንደኛ፥ ጭነት ሚዛን ነው። በግራና በቀኝ የሚንጠለጠለው እኩል ካልሆነ ኩርታኑ ወደ አንድ ጎን ይሳባል፤ የተሳበ ኩርታን ጀርባ ይፍቃል፤ ጀርባው የገጠበ አጋሰስም እስኪድን ድረስ ለጌታው ዕዳ ይሆናል። ሁለተኛ፥ ከባዱ ዕቃ ወደ ታችና ወደ ከብቱ ገላ ይጠጋል፤ ቀላሉ ከላይ ይሆናል። ከባዱ ከላይ የሆነበት ጭነት በቁልቁለትና በወንዝ መሻገሪያ ላይ ከብቱን ያንገዳግደዋል። ሦስተኛ፥ ማታ መጀመሪያ የሚፈለገው ጠዋት መጨረሻ ይጫናል። ድንኳኑ ከበታች ታስሮ ዝናብ ቢመጣ፥ ድንኳኑ እስኪወጣ ድረስ ስንቁም መኝታውም ይረጥባል። አራተኛ፥ ጨው፥ ጥይትና ወረቀት በስልቻና በቆዳ ተጠቅልለው ከውሃ ይጠበቃሉ።

አምስተኛው ደንብ ስለ ስንቅ ነው። የመንገድ ስንቅ ትንሽ ቦታ ይዞ ብዙ ቀን የሚያኖር መሆን አለበት። በሶ፥ ቆሎ፥ ድርቆሽ፥ በወለጋ ደግሞ በቅቤ የታሸ ጭኮ የተመረጡት ስለዚህ ነው። እነዚህ ውሃቸው አስቀድሞ ስለ ወጣ መንገደኛው ውሃ አይሸከምም፤ ውሃውን ከደረሰበት ምንጭ በእርኮት ይቀዳል። ስድስተኛው፥ አንድ ዕቃ ሁለት ሥራ ይሥራ የሚል ነው። ቡልኮ ቀን ልብስ፥ ማታ መኝታ፥ ዝናብ ሲመጣ መከለያ ነው። ሰባተኛውን ሁላችን በተረት እናውቀዋለን፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ጭነት በብዙ ትከሻና በብዙ ጀርባ ሲከፋፈል ይቀላል።

በመጨረሻም ነባር ነጋዴዎች የመጀመሪያውን ቀን ጉዞ አጭር ያደርጉታል። ያዘነበለ ጭነት የሚታወቀው ጥቂት ከተሄደ በኋላ ስለሆነ፥ በማግሥቱ ያስተካክሉታል፤ የተረሳም ነገር ካለ ከቅርብ ይመጣል።

ዓለምን በብስክሌት የዞረው ሰው

ይህ ደንብ የበቅሎ ብቻ እንዳይመስለን አንድ ሌላ መንገደኛ በምሳሌነት እንጥቀስ። ቡላቶቪች ገና ተማሪ ሳለ፥ ቶማስ ስቲቨንስ የሚባል በእንግሊዝ ተወልዶ በአሜሪካ የሚኖር ሰው በአውሮፓ አቆጣጠር በሚያዝያ ወር 1884 ከሳን ፍራንሲስኮ ተነሥቶ በብስክሌት ዓለምን መዞር ጀመረ። ባሕሩን በመርከብ እየተሻገረ በአውሮፓ፥ በቱርክ፥ በፋርስ፥ በሕንድና በቻይና አልፎ በታኅሣሥ ወር 1886 ጃፓን ዮኮሃማ ደረሰ። በብስክሌቱ የሄደው ከ21,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይገመታል።

የስቲቨንስ ብስክሌት የዛሬው ዓይነት አልነበረም። የፊት ጎማው እስከ ሰው ደረት የሚደርስ፥ የኋላው ትንሽ ሲሆን፥ ነጂው በትልቁ ጎማ አናት ላይ ይቀመጥ ነበር። ጎማው ድንጋይ ሲመታ ሰውየው በፊት ለፊት ይወረወራል። በእንዲህ ያለ መሣሪያ ላይ ብዙ ጭነት ማንጠልጠል የማይሞከር ነው። ስለዚህ ስቲቨንስ በመሪው ላይ ባሰራት ትንሽ ቦርሳ ውስጥ ካልሲ፥ አንድ ቅያሪ ሸሚዝና አንድ ሽጉጥ፥ እንዲሁም አንድ የዝናብ ካፖርት ይዞ ተነሣ። ካፖርቱ ቀን ከዝናብ ያድነዋል፤ ማታ ደግሞ ድንኳኑም መኝታውም እሱ ነበር። የእኛ አገር ሰው በቡልኮ ያደረገውን ስቲቨንስ በካፖርት አደረገው ማለት ነው።

የዛሬው ብስክሌት ሁለት እኩል ጎማዎችና ከኋላ የዕቃ መጫኛ ስላለው ከስቲቨንስ የበለጠ መያዝ ይቻላል፤ ደንቡ ግን ያው የአጋሰሱ ነው። በኋላ ጎማው ግራና ቀኝ ሁለት እኩል ቦርሳ ይንጠለጠላል። ስንቁ፥ ማብሰያውና የጥገና መፍቻው ወደ ታች፥ ልብሱ ወደ ላይ ይሆናል። ድንኳኑ ተጠቅልሎ ከመጫኛው በላይ በአግድም ይታሰራል፤ የዝናብ ልብሱ ሳይፈታ በሚገኝበት ቦታ ይቀመጣል። የፊት መሪው ብዙ ክብደት ከተጫነበት ስለሚታወክ ቀላል ነገር ብቻ ይያዝበታል። የሚወዛወዝ ገመድ ወደ ጎማው ወይም ወደ ሰንሰለቱ እንዳይገባ ጫፉ ይጠበቃል። ከሙሉ ጭነቱ ጋር ወደ ቅርብ ቦታ ሄዶ ሳይሞክር ረጅም መንገድ የሚጀምር ብስክሌተኛም የነጋዴዎቹን የመጀመሪያ ቀን ትምህርት አልሰማም።

ከካፋ እስከ ሩዶልፍ ሐይቅ

ወደ ቡላቶቪች ታሪክ እንመለስ። በ1890 ዓ.ም. ከሩሲያ መልእክተኞች ጋር ወደ አዲስ አበባ ዳግመኛ መጣ። የካፋው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ከተማረኩ ጥቂት ወራት አልፏል። ዐፄ ምኒልክ ራስ ወልደ ጊዮርጊስን ከካፋ ወደ ደቡብ እስከ ሩዶልፍ ሐይቅ እንዲዘምቱ ሲያዙ፥ ቡላቶቪች አብሮ እንዲሄድ ፈቀዱለት። ሩዶልፍ ዛሬ ቱርካና የምንለው ሐይቅ ነው።

በዚህ ጉዞ ቡላቶቪች ጭነት ጨመረ። የጨመረው ግን ምቾት አልነበረም። የፀሐይና የከዋክብትን ከፍታ የሚለካበት መሣሪያ፥ ትክክለኛ ሰዓትና የፎቶግራፍ መሣሪያ ያዘ። በእነዚህም የቦታዎችን ኬክሮስና ኬንትሮስ እየለካ፥ እስከዚያ ቀን በዓለም ካርታ ላይ ባዶ የነበረውን ሰፊ አገር ነደፈ። በኋላም በ1892 ዓ.ም. ገደማ ከምኒልክ ሠራዊት ጋር በሚል ሁለተኛ መጽሐፍ ጉዞውን አሳተመ፤ ሥራውንም የሩሲያ የመልክዐ ምድር ማኅበር በብር ሜዳይ አከበረው። ዐፄ ምኒልክም ከዘመቻው ሲመለስ የወርቅ ጋሻ ሸልመውት ነበር።

ዘመቻው ለዚያ አገር ሕዝብ ግን የመከራ ጊዜ ነበር፤ ቡላቶቪችም የመንደሮችን መጥፋትና የሰዎችን ሥቃይ በመጽሐፉ አልሸሸገም። በሩዶልፍ ሐይቅ አጠገብ ሦስት ዓመት የሚሆነው፥ ክፉኛ ቆስሎ የተጣለ ሕፃን ልጅ አገኘ። ሠራዊቱ ስንቅ አጥሮት፥ ከብቱም እየወደቀ የሚመለስበት ሰዓት ነው። የጭነትን ሒሳብ ጠንቅቆ የሚያውቀው መኰንን ልጁን ጥሎ ለመሄድ አልቻለም፤ ቁስሉን አክሞ ይዞት መጣ። ልጁ ቫሲሊ ተብሎ ተጠመቀ፤ ከአሳዳጊው ጋርም ወደ ሩሲያ ሄደ። በዘጠና ሰዓት ጉዞው ውሃ እንኳ ቀንሶ የሄደ ሰው፥ በዚህ ጉዞ የተሸከመው ከሁሉ የከበደ ነገር ይህ ልጅ ነበር ለማለት እንችላለን።

ሰይፉን ፈትቶ መነኰሰ

በ1892 ዓ.ም. ቡላቶቪች ሦስተኛ ጊዜ ኢትዮጵያን ጎበኘ፤ እስከ ቤኒ ሻንጉል ወሰን ድረስም ተጓዘ። ከዚያ በቻይና በተነሣው ጦርነት ተካፈለ። ማዕረጉ ከፍ እያለ፥ ስሙም እየታወቀ ሲሄድ በ1895 ዓ.ም. ሥራውን በፈቃዱ ለቀቀ። ጓደኞቹ ምክንያቱን ሲያፈላልጉ እሱ ወደ ገዳም ገባ፤ ከወታደሮቹም አንዳንዶቹ ተከተሉት። አባ አንቶኒ ተብሎ በግሪክ አገር በአቶስ ተራራ ኖረ።

በ1903 ዓ.ም. በመነኩሴ ልብስ አራተኛ ጊዜ ወደ ኢትዮጵያ መጣ። ከጉዳዮቹ አንዱ ወደ አገሩ የተመለሰውን ቫሲሊን ማየት ነበር። ሌላው ደግሞ በሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ ገዳም ለማቋቋም ያሰበው ነበር፤ ሐሳቡ ግን ሳይፈጸም ቀረ። ዐፄ ምኒልክ ያን ጊዜ በጽኑ ሕመም ላይ ነበሩ።

ወደ አቶስ ሲመለስ ስለ እግዚአብሔር ስም ክብር በመነኮሳት መካከል ታላቅ ክርክር ተነሥቶ አገኘውና የአንዱ ወገን መሪ ሆነ። በ1905 ዓ.ም. የሩሲያ መንግሥት ወታደርና መርከብ ልኮ ከስምንት መቶ በላይ መነኮሳትን ከአቶስ አስወጣ። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት አባ አንቶኒ እንደገና ወደ ጦር ግንባር ሄደ፤ በዚህ ጊዜ ግን የያዘው ሰይፍ ሳይሆን መስቀል ነበር። በመጨረሻም ዓይኑ እየደከመ ወደ ተወለደበት ቤተሰብ ርስት ወደ ሉትሲኮቭካ ተመልሶ በአንዲት ትንሽ ቤት ተቀመጠ። በ1912 ዓ.ም. ሩሲያ በእርስ በርስ ጦርነት ስትታመስ ወንበዴዎች ሌሊት ገብተው ገደሉት። ዕድሜው 49 ዓመት ነበር።

ከእሱ የቀረልን

ስሙ በአገሩ ለብዙ ዓመት ተረስቶ ኖረ። ኢልፍና ፔትሮቭ የሚባሉት የሶቪየት ደራሲዎች በአውሮፓ አቆጣጠር በ1928 ባሳተሙት የቀልድ ልብ ወለድ ውስጥ፥ አቢሲኒያ ሄዶ የዘመተና በኋላ የመነኰሰ ፈረሰኛ አስገብተው ሲሥቁበት፥ አንባቢው ግን እውነተኛ ሰው መሆኑን እምብዛም አያውቅም ነበር። መጽሐፎቹ በ1971 በሞስኮ እንደገና ከታተሙ ወዲህ፥ በኋላም ወደ እንግሊዝኛ ከተተረጎሙ ወዲህ ግን፥ የወለጋን፥ የካፋንና የደቡብን የዚያን ዘመን ኑሮ የሚያጠኑ ሁሉ የሚያነቧቸው ሆነዋል።

የቡላቶቪችን ሐሳብ ሁሉ መቀበል አያስፈልገንም። የዘመኑ ሰው፥ የንጉሠ ነገሥቱም መኰንን ነበር። ነገር ግን አንድ ነገር ከሕይወቱ እንማራለን። በየጉዞው መነሻ ላይ የሚያስፈልገውንና የማያስፈልገውን ለየ። ፍጥነት ሲያስፈልግ ድንኳኑን ተወ፤ ዕውቀት ሲያስፈልግ ከባዱን የመለኪያ መሣሪያ በበቅሎ ጫነ፤ ሰው መርዳት ሲያስፈልግ ሕፃን ተሸከመ። ቀላል ጭነት ማለት ባዶ እጅ መሄድ ሳይሆን፥ ለያዝነው ለእያንዳንዱ ነገር ምክንያት ማግኘት መሆኑን ያሳየናል።

ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ ወደ ጊዳ አያና፥ ወደ ኪረሙ ወይም ወደ ሌላ ሩቅ ወረዳ የሚመደብ ወጣት ጓዙን ሲያስር ይህን ያስብ። ሚዛኑ የተስተካከለ ጥቂት ልብስ፥ የሥራው መሣሪያ፥ ጥቂት መጽሐፍ ይበቃዋል። ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ ግን የሚሄድበትን ሕዝብ ቋንቋ ለመማር ይጀምር። በበረሃው የተዘረፈው መንገደኛ ዕቃው ሁሉ ሲወሰድበት የቀረለት ይኸው ነበርና።